ምጣድ አይቻልም

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29 ቀን 2018

ትናንት ያሰጣሁትን ነጠላ ከገመድ ላይ ሳወርድ ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ ሸተተኝ። እንጦጦ ግርጌ ባለው ሰፈራችን፣ ቁስቋም፣ ቅዳሜ እንጀራ የሚጋገርበት ቀን ነው። ከማለዳው አንድ ሰዓት ጀምሮ በየማድ ቤቱ ቆርቆሮ ሥር ሰማያዊ ጭስ ይወጣል። ጠዋት ጠዋት ብርዱ ስለሚጫነው ሽቅብ አይሄድም፤ እየተንከባለለ ወደ ሽሮ ሜዳ ይወርዳል። ከታች ሆኖ ቀና ብሎ ለሚያየን ጉም የለበስን እንመስላለን።

እኔም እዚሁ ጭስ ውስጥ ቁጭ ብዬ ስለ ጭስ እተረጉማለሁ። አንድ መሥሪያ ቤት በአየር ንብረት ለውጥ ላይ የተጻፈ ወፍራም ሰነድ ወደ አማርኛ እንድመልስለት ከሰጠኝ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። «ሙቀት አማቂ ጋዝ» ተለምዷል፣ አያስቸግርም። የሚያስቸግረኝ «ልቀት» ነው። ዛሬ የግቢያችን ባለቤት እማማ ለቡና ጠርተውኝ ምን እንደምጽፍ ጠየቁኝ።

«የልቀት ቅነሳ ዕቅድ ነው፣ እማማ።»

«ልቀት ደግሞ ለምን ይቀነሳል? ልጅ ሲልቅ ደስ ይላል እንጂ!»

ከ«ላቀ» ሳይሆን ከ«ለቀቀ» የመጣ ነው፤ ምድጃው፣ መኪናው፣ ቆሻሻው ወደ አየር የሚለቀው ማለት ነው ብዬ አስረዳኋቸው። ጀበናው የተጣደባትን የከሰል ምድጃ በአገጫቸው አሳዩኝ።

«ታዲያ ይቺስ? ስሟ ላቀች አይደል?»

ሳቅሁ። እውነታቸውን ነው። ሸክላ ሆዷ ሙቀቱን አምቆ ስለሚይዝ ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ ይልቅ ሩብ ያህል ከሰል ትቆጥባለች። ስሟን ያወጣላት ሰው ከእኔ የተሻለ ተርጓሚ ነበር።

ሰኞ፣ ኅዳር 1

ዛሬ ብራዚል ውስጥ ቤሌም በምትባል ከተማ የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ፣ ኮፕ 30፣ ተከፈተ። የኔ ትርጉምም ቁጥሮቹ ላይ ደርሷል። አገራችን የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂዋን በ2004 ዓ.ም. ደርባን ላይ ይፋ ስታደርግ ስሌቱ እንዲህ ነበር፦ በ2010 እ.ኤ.አ. ወደ 150 ሚሊዮን ቶን የነበረው ልቀት ዝም ከተባለ በ2030 ወደ 400 ሚሊዮን ይደርሳል፤ ዕቅዱ እዚያው 150 ላይ ማቆየት ነው። በ2021 የታደሰው ቃል ደግሞ ሊደርስ ይችል ከነበረው 403.5 ሚሊዮን ቶን ውስጥ 68.8 በመቶውን እቀንሳለሁ ይላል። ከዚህ ውስጥ 14 በመቶው በራስ አቅም ነው። የቀረው 54.8 በመቶ «ድጋፍ ከተገኘ» ነው። አንዲት «ከ» ይህን ሁሉ ቶን ስትሸከም እስከ ዛሬ በሰዋስው መጽሐፍ ውስጥ አላየሁም።

ስትራቴጂው በቅድሚያ ይጀመሩ ካላቸው አራት ሥራዎች አንዱ የማብሰያ ምድጃ ነው። የውኃ ኃይልን፣ የእንስሳት ሀብትንና ደንን ከመሰሉ ግዙፍ ነገሮች ጎን ምድጃ መቀመጡ መጀመሪያ አስገርሞኝ ነበር። በኋላ የራሴን ማድ ቤት ሳይ ግርምቱ ተወኝ።

ይህን ቤት ስከራይ እማማ ሦስት ነገር ነግረውኛል። የግቢው በር ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ይዘጋል። ውኃ ሲመጣ ሁሉም በተራው ይቀዳል። ምጣድ አይቻልም። ሦስተኛውን አዲስ አበባ ላይ ቤት ተከራይቶ የማያውቅ ሰው አይረዳውም፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ማለታቸው ነው። እኔ ምጣዴን ይዤ ነው የገባሁት፤ አራት ዓመት ሙሉ አልጋ ሥር ተቀምጣለች።

እማማ ክፉ ሆነው አይደለም። ግቢያችን አምስት አባወራ ነን፣ ቆጣሪው አንድ ነው። የመብራት ታሪፍ በእርከን የሚሄድ ነው፦ የመጀመሪያው 50 ኪሎዋት ሰዓት ርካሽ ነው፣ ከዚያ በላይ እርከኑ ከፍ ባለ ቁጥር ዋጋውም ይወጣል። ሐሳቡ ደግ ነው። ድሃው ጥቂት ያነዳል፣ ሀብታሙ ብዙ ያነዳል፣ ብዙ ያነደደ ይክፈል። አምስት ድሃ በአንድ ቆጣሪ ሲሰበሰብ ግን ቆጣሪው አንድ ሀብታም አድርጎ ይቆጥረዋል። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደግሞ ታሪፉ በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ ነው። ስለዚህ እማማና ሁለቱ ቤቶች በጉልቻ ላይ በባሕር ዛፍ ቅጠል ይጋግራሉ፣ እኔና ሸማኔው ጎረቤቴ እንጀራ ከሱቅ እንገዛለን። የሱቁ እንጀራ በምን እንደተጋገረ ጠይቄ አላውቅም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

ዜና ሰማሁ። የ2027ቱ ኮፕ 32 አዲስ አበባ ላይ እንዲካሄድ የአፍሪካ ተደራዳሪዎች ደግፈዋል አሉ። 2027 በእኛ 2020 መሆኑ ነው። ባለፈው ጳጉሜን የአፍሪካ የአየር ንብረት ጉባኤ እዚሁ ነበር፤ በዚያው ሳምንት፣ ጳጉሜን 4 ቀን፣ 5,150 ሜጋዋት የሚያመነጨው የሕዳሴ ግድብ ተመረቀ። በዓሉን በቴሌቪዥን ያየሁት እማማ ቤት ነው። ያን ቀን መብራት አልጠፋም።

ከሰዓት በኋላ ወደ አራት ኪሎ የምወስደው ዕቃ ስለነበረኝ በኤሌክትሪክ መኪና ሄድኩ። ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ እነዚህ ድምፅ አልባ መኪኖች የኛንም ዳገት ለምደውታል። ሹፌሩ ወጣት ነው፤ በመኪናው የሚኮራው በበቅሎ እንደሚኮራ ሰው ነው።

«እህቴ፣ ይህን እይልኝ» አለ ወደ ስክሪኑ እየጠቆመ። «ሽቅብ ስወጣ የበላችውን ቁልቁል ስወርድ ትመልሳለች። ፍሬን ስይዝ ባትሪው ይሞላል።»

ቤት ስገባ ሒሳቡን ሠራሁት፤ ልማዴ ነው። 1,500 ኪሎ የምትመዝን መኪና 200 ሜትር ያህል ከፍታ ብትወርድ የምታገኘው ቢበዛ 0.8 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ መንገድ ላይ የሚባክነው ሲቀነስ ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ቢተርፋት ነው። ምጣዴ 3.5 ኪሎዋት ትስባለች። እንግዲህ ከቁስቋም እስከ አራት ኪሎ ያለው ቁልቁለት በሙሉ ስምንት ደቂቃ ያህል ምጣድ ያግላል፤ ሁለት ወይም ሦስት እንጀራ ማለት ነው። ትንሽ ነው ብሎ የሚስቅ ይስቅ፤ ያው ቁልቁለት በአሮጌ ሚኒባስ ሲወረድ የሚተርፈው የጋለ ፍሬን ሽታ ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 5

ከምሽቱ አንድ ሰዓት መብራት ሄደ። የነገ የቁስቋም በዓል ዋዜማ ነው፤ ምጣድ የተፈቀደለት ሁሉ ባንድ ጊዜ ጥዶ ነበርና የሰፈሩ ትራንስፎርመር አልቻለም አሉ። ግድቡ ሞልቶ ሽቦው ቀጭን። እማማ ምንም አልደነገጡም። ከማድ ቤቱ ጀርባ የከመሩትን ጭራሮ አነሱና ጋገሩ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ጾመ ጽጌ ትናንት አልቆ ዛሬ ቁስቋም ማርያም ነገሠች። ሰፈራችን ስሙን ያገኘው ከደብሯ ነው፤ ደብሯ ስሟን ያገኘችው እመቤታችን ልጇን ይዛ በስደት ካረፈችበት ከግብፁ ደብረ ቁስቋም ነው። እቴጌ ምንትዋብም ጎንደር ላይ ያነጿትን በዚሁ ስም ነው የጠሯት። የስደት መታሰቢያ ናት። ይህን ያሰብኩት ታቦቷ ስትገባ ሳይሆን፣ ወደ ቤት ስመለስ ከእንጦጦ እየወረደች ያለችውን ሴትዮ ሳይ ነው።

በበዓልም ቀን ወርዳለች። የባሕር ዛፍ ቅጠል ሸክሟ ከወገቧ ግራና ቀኝ አንድ አንድ ሜትር አልፎ መንገዱን ይዞታል። ከ30 ኪሎ አያንስም። ደጃችን ላይ ካለው ድንጋይ ጀርባዋን አስጠግታ ቆመች እንጂ አላወረደችውም፤ አንዴ ካወረዱት ማንሳቱ ከባድ ነው። ውኃ ሰጠኋት። ቅጠሉን ለእማማ ነው ያመጣችው። ለእንጀራ ቅጠል ይወደዳል፤ ቦግ ብሎ ይነድና ምጣዱን እኩል ያግለዋል።

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እንደ እሷ ያሉ ማገዶ ተሸካሚ ሴቶችን ካጠና ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል። ሸክሙን ትተው ሽመና የያዙ ሴቶች ማኅበርም እዚሁ እንጦጦ ግርጌ አላቸው፤ ሻርፓቸውን ፈረንጆች ይገዙታል። በ2013 መስከረም የእንጦጦ ፓርክ ሲመረቅ ደግሞ ሥራ ያገኙ አሉ። ግን ይህቺ ሴትዮ ዛሬም እዚህ ቆማለች።

የማገዶ ነገር ለዚህ ከተማ አዲስ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ ከእንጦጦ ወርደው አዲስ አበባ በተቀመጡ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የተራራው ጽድ አልቆ ከተማዋ ልትለቀቅ ደርሳ ነበር። በ1900 እ.ኤ.አ. ገደማ ወደ ምዕራብ፣ አዲስ ዓለም ላይ አዲስ ቤተ መንግሥት መሠራት ተጀመረ። ዋና ከተማነታችንን ያተረፈልን ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው፤ ቶሎ ያድጋል፣ ሲቆረጥ መልሶ ያቆጠቁጣል። የአዲስ ዓለሙ ቤተ መንግሥት የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ዛሬ ባሕር ዛፍ ውኃ መጣጭ ነው ብለን እንሰድበዋለን፣ በጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል 700 ሄክታር በሚያልፈው መሬት ላይም እየተነሳ አገር በቀሉ ይተከላል። ደግ ነው፤ ጽድና ኮሶ ሲመለሱ እኔም ደስ ይለኛል። ግን ለባለውለታ ትንሽ አክብሮት አይከፋም።

ለሴትዮዋ አልጋ ሥር ስላለችው ምጣዴ ነገርኳት። ወሬ ለማስረዘም ያህል ነበር።

«እናንተ ምጣድ ካስገባችሁ እኔ ለማን ልሸጥ?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ማታ ሰነዱ ላይ «ፍትሐዊ ሽግግር» የሚል ቃል ደረሰብኝ። አራት መስመር ትርጓሜ አለው። በዳር ማስታወሻው ላይ የሴትዮዋን ጥያቄ ጻፍኩት፤ አርታዒው ያወጣው ይሆናል።

እሑድ፣ ኅዳር 7

ከቅዳሴ መልስ እማማ ቤት ተሰበሰብን። አምስቱም ቤት። አጀንዳውን ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ ድፍረቱን ግን የሰጠኝ የዓርቡ ጨለማ ነው።

ያልኩት ይህ ነው። አንድ ቤት 25 ያህል እንጀራ ለመጋገር ምጣዷን አንድ ሰዓት ተኩል ቢያበራ 5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። በሳምንት አንዴ ከሆነ አምስታችን በወር 100 ቢሆን ነው። ግቢው የሚፈራው ይህን 100 ሳይሆን፣ ማን ስንት እንዳነደደ አለመታወቁን ነው። ስለዚህ አንድ ምጣድ ብቻ ይኑር፤ ያው አልጋ ሥር ያለችው የኔዋ። ተራ ይውጣ። የሚጋግር ሰው ሲጀምርና ሲጨርስ የቆጣሪውን ቁጥር ደብተር ላይ ይጻፍ፣ ልዩነቱን ግቢው በገባበት እርከን ዋጋ ይክፈል።

«ሶኬቱስ ሲቀልጥ?» አሉ እማማ። ፍርሃታቸው ከገንዘቡ ይልቅ እሳቱ ነው፤ ታች ሰፈር በቀጭን ሽቦ ምክንያት የተቃጠለ ቤት አይተዋል።

ሸማኔው ጎረቤቴ እስከዚያ ዝም ብሎ ነበር። ሸማ ሲሠራ መብራት የሚፈልገው ለዓይኑ ብቻ ነው። «ወፍራም ሽቦ ለብቻው ከቆጣሪው ይሳብ፣ የራሱ ብሬከር ይኑረው፤ ለኤሌክትሪሻኑ የሚከፈለውን አምስታችን እናዋጣ» አለ።

እማማ ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «ለሙከራ» አሉ። በእማማ አነጋገር «ለሙከራ» ማለት እሺ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ኤሌክትሪሻኑ መጥቶ ሽቦውን ሳበ። የድሮውን ሽቦ ፈትቶ አሳየን፤ ልባሱ እንደ ቆሎ ተቆልቷል።

መብራት ለሚጠፋበት ቀን ደግሞ እማማ ጉልቻውን በምርጥ ምድጃ እንዲለውጡ ለመንኳቸው። ምርጥ ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራ፣ ምጣዱን ዙሪያውን የሚዘጋ ምድጃ ነው፤ ከሦስቱ ጉልቻ ጋር ሲተያይ ማገዶውን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። «ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም» አሉኝ። ወጡን እንጃ፤ ሳላቸውን ግን እሰማለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. 3.2 ሚሊዮን ሰው በቤት ውስጥ ጭስ ጦስ እንደሞተ ገምቷል። ይህን ቁጥር ለእማማ አልነገርኳቸውም፤ ሰነዱ ውስጥ ግን ሁለት ጊዜ ተርጉሜዋለሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ማታ ስልኬ ላይ ምስሉን አየሁ። ቤሌም የጉባኤው አዳራሽ ውስጥ እሳት ተነስቶ ተሰብሳቢው ሁሉ ወጥቷል፤ ጥቂት ሰዎች ጭስ ገብቷቸው ታክመዋል። ስለ ጭስ ሊነጋገሩ ሄደው ጭስ አባረራቸው። ለእማማ ሳሳያቸው «ነገ ኅዳር ሚካኤል ነው፣ ቀድመው አጠኑ» አሉ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ኅዳር ሲታጠን። ከንጋት ጀምሮ በየደጁ ቆሻሻ ተጠርጎ ተከመረ፣ እሳት ተለቀቀበት። በ1911 ዓ.ም. ያ የእንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ፣ እኛ የኅዳር በሽታ ያልነው፣ አዲስ አበባን ሲያጠቃ በአንዲት ከተማ ብቻ ወደ 10,000 ሰው እንደሞተ ይገመታል፤ አልጋ ወራሽ ተፈሪም ታመው ተርፈዋል። በሽታውን ጭስ ያባርረዋል ተብሎ የተጀመረው ልማድ ይኸው 107 ዓመት ሆነው። ዘንድሮ ደግሞ ጂንካ ላይ የማርበርግ በሽታ ታየ የሚል ዜና ባለፈው ሳምንት ስለወጣ ሰዉ በብርቱ ነው ያጠነው።

የድሮው ኅዳር የሚያጥነው ቅጠልና ገለባ ነበር። የዛሬው ክምር ግማሹ ፌስታልና የውኃ ጠርሙስ ነው። ጥቁር ጭስ ጉሮሮ ይይዛል። ባናቃጥለውስ? ያኔ ይጫንና ወደ ከተማዋ ቆሻሻ መጣያ፣ ወደ ቆሼ፣ ይሄዳል። እዚያ የሚበሰብሰው ቆሻሻ ሚቴን ይለቃል፤ ሚቴን በመቶ ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ያህል ያሞቃል። መጋቢት 2009 የቆሼ ክምር ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰው የቀበረበትን ቀን የሚረሳ የለም። ነሐሴ 2010 እዚያው አጠገብ በቀን 1,400 ቶን እያቃጠለ ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ የታሰበው የረጲ ማመንጫ ተመረቀ። እንግዲህ ማቃጠሉ አልቀረም፤ ልዩነቱ ጭስ ማውጫና ማጣሪያ መኖሩ ነው።

እኔ የሚመስለኝ ኅዳር መታጠኑ ባይቀር ይሻላል። መጥረጉ ይቅር አልልም፤ ሰፈሩ በዓመት አንድ ቀን አንድ ላይ መጥረጊያ የሚያነሳው ዛሬ ብቻ ነው። ፕላስቲኩ ግን ከእሳቱ ይውጣ። ይህን ለጎረቤት ልጆች ነግሬያቸው ጠርሙሱን ለቅመው በጆንያ አደረጉት፤ ለቆራሌው ሊሸጡት ነው። ከኔ ምክር ይልቅ የቆራሌው ገንዘብ ነው የሠራው።

ከተማዋ የራሷ የአየር ንብረት ዕቅድ አላት፣ ከ2021 እስከ 2025 እ.ኤ.አ. የሚል። ሊያልቅ አንድ ወር ቀረው። ቀጣዩን የሚጽፉ ሰዎች ይህን ካነበቡ አንድ ልመና አለኝ፦ «ቆጣሪ ለየአባወራው» የምትል አንዲት መስመር አስገቡልን።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

የመጀመሪያው ተራ የእማማ ሆነ፣ በክብር። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ምጣዷ ተጣደች። አራት ዓመት ተኝታ ስለነበር እንደገና በጎመን ዘር አሟሸናት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት እንጀራዎች ተጣብቀው ተቀደዱ። እማማ «ቅጠል ይሻላል ብዬ ነበር» አሉ። ሦስተኛዋ ዓይን አወጣች፣ ዝም አሉ።

ማታ የቤሌም ጉባኤ በአንድ ቀን ዘግይቶ ማለቁን ሰማሁ። የመጨረሻው ስምምነት የነዳጅን ስም ሳይጠራ አልፏል፤ ለፍትሐዊ ሽግግር የሚሆን አሠራር ለማቋቋም ግን ተስማምተዋል። ሴትዮዋ ዛሬም መጥታ ነበር። እማማ እንደ ወትሮው አንድ ሸክም ገዟት፤ ለክፉ ቀን ይቀመጥ አሉ። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ሁለት ቤት አይገዛትም።

መብራት ቀኑን ሙሉ አልጠፋም። ደብተሩ ላይ የመጀመሪያው መስመር ተጽፏል፦ 26 እንጀራ፣ 5.4 ኪሎዋት ሰዓት። ቀጣዩ ተራ የሸማኔው ቤት ነው።